የግራው እግር ለምን ደረቀ

ሐረር፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ አባዬ፣

የተሰበረው እጅህ እንዴት ሆነልኝ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሚጠዘጥዘው አክስቴ ፀሐይ ነግራኛለች። ጋቢህን አትጣል።

በስልክ «ዐይኔም እጄም ከድተውኛል፤ ከእንግዲህ ሐረር ተመልሼ ምን እሠራለሁ? ሞተሩን ለሚፈልገው ስጪው» ካልከኝ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። ከድሬ ጠያራ ከብት ከትበህ ስትመለስ ጉድጓዱን ሳታየው ገባህ እንበል። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት ጉድጓድ ገብተህ ወጥተህ የለም ወይ? ይኼኛው ለምን ጣለህ? ምህንድስና ተምሬ፣ ተመርቄ፣ የሥራ ማመልከቻ መልስ እየጠበቅኩ ከምቀመጥ፣ ሞተሩን ከመስጠቴ በፊት ጥያቄውን ልፍታው አልኩ።

እየገፋሁ ኤረር በር ወሰድኩት፣ በድሪ ጋራዥ። የጎረቤታችን የእማ መስቱራ ልጅ በድሪ ሥራና ቀልድ እንደማይለይ ታውቃለህ። ትንሽ ነዳውና የፊቱን ፍሬን ያዘ፤ አፍንጫው ቁልቁል ሄደ። «የአባትሽ ሞተር እንደ ሰጋጅ ሱጁድ ይወርዳል» አለኝ፤ «ችግሩ፣ አነሣሡን አያውቅበትም።»

የፊቱን ጎማ የሚይዘውን ሹካ ሁለት እግሮች አወረድን። የቀኙን ስንገለብጠው ዘይት ፈሰሰ፤ ቢጠቁርም ዘይት ነው። የግራው ግን ጠብታ የለውም። በውስጡ ያለውን ሞላ ዝላይ የሚያበርደው ያ ዘይት ነው፤ ከሌለ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው እንደ ግልገል ይፈነጥዝና መሪውን ከእጅ ያስጥላል። ግን ሲያፈስ እንዴት አላየኸውም? አንተ እኮ በየማለዳው የምትወለውለው ሰው ነህ።

መልሱ ከእግራችን ሥር ወድቆ ነበር። ፍየላቸውን ስታድንላቸው እማ መስቱራ በምስጋና ሰፍተው ለሹካው ያለበሱልህ፣ ወርቅማ ክር የገባበት እጅጌ። ከውስጥ የድሬ ጠያራን አቧራ ጠጥቶ ሞረድ ሆኗል። ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ ሲፍቅ የኖረው እሱ ነው፤ ያፈሰሰውንም ራሱ ይመጠው ነበር። የቀኙ እጅጌ ላላ ብሎ ስለተሰፋ እግሩ ተረፈ። አንተ ደግሞ ቅር እንዳይላቸው አንድም ቀን አላወለቅከውም።

በድሪ ጨርቁን አገላብጦ አየውና ቀልዱ ጠፋበት። «ለእናቴ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

በአቧራው የተጫረውን የግራውን እግር ቱቦ ለውጠን ላስቲኮቹን አዲስ አደረግን። ሞላው ደክሞ ስለነበር ከላዩ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ደገፍንበት። ይህ የኔ ሐሳብ ነው፤ በድሪ ሲስቅ ቆይቶ ሲሞክረው ለሌላው እግር ራሱ ቆረጠ። ወፈር ያለ ዘይት መርጬ፣ በከብት መርፌህ እየለካሁ ለሁለቱም እኩል ሰጠኋቸው። «ክትባቱ ለስንት ዓመት ይሆናል?» ይለኛል በድሪ። ለአቧራው እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጎማ አለበስነው።

ትናንት የኤረር በርን ቁልቁለት ወረድኩበት። ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ዝቅ ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጉድጓድ ፈልጌ ገባሁ፤ ዞሬም ገባሁበት። አልጣለኝም። አባዬ፣ እጅህ አልከዳህም።

ስመለስ እማ መስቱራ ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል።

«እጅጌው የታለ? ራቁቱን ነው እንዴ የምትነጂው?»

በድሪ መሬት መሬት አየ። ጨርቁ አርጅቷል፣ ብርዱ ስለገባ አሁን ልብስ የሚያስፈልገው መቀመጫው ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። ሜትራቸውን አውጥተው ለኩና ቀና አሉ።

«ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?»

ለሁለት አልኳቸው። የኋላው በኩል ለወገብህ እንዲመች ወፈር ብሎ ይሰፋል። ኢንሻአላህ ለቁልቢ ይደርሳል ብለዋል፤ ለንግሡ ከሚመጣው ሰው ጋር አንተም ና። ሞተሩን ለማንም አልሰጥም። ጉድጓዱን እኔ አያለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ሆነህ መንገዱን ትነግረኛለህ።

የቁልቢው ገብርኤል እጅህን ያጽናልህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ። አክስቴን ሳምልኝ።

ልጅህ ማህሌት