ያልተፈቀደው መርዶ

ለተከበሩ የድንበርና የፍልሰት ጉዳዮች ጥምር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎት? ይህን ያህል ጊዜ ሳይነሡ የተቀመጡ ሰው ወገባቸውን ቢያማቸው አይገርምምና፣ እኛ የእሪ በከንቱ እድርተኞች ምሕረቱን እንዲያወርድልዎ ከልብ እንመኛለን።

እኔ የእድሩ ዳኛ አባይነህ ወልደገብርኤል ነኝ። ጉዳያችንን እርስዎ ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ስል ግን ላስታውስ። ሰምሃር የምትባል ልጅ፣ ድንበሩ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ሳለ ከመረብ ማዶ መጥታ፣ በሰፈራችን ከእፀገነት ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ፒያሳ ፀጉር ቤት እየሠራች ትኖር ነበር። ተመልሳ እናቷን አደይ ዘውዲን ሳታይ ድንበሩ ተዘጋ። ባለፈው ክረምት ታማ ሞተችብን፤ እኛው ቀበርናት። እናቷ ግን እስከ ዛሬ መርዶ አልሰሙም።

መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ይሄዳሉ፣ ጎረቤት ይጠራል፣ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ እጅ ይዘጋጃል። አደይ ዘውዲ ደግሞ የሚደውሉት ከሰው ሱቅ፣ ባንኮኒ ተደግፈው፣ ገበያተኛ መሀል ቆመው ነው። ስለዚህ እኔና የእድሩ ሽማግሌዎች አቶ ፋሩቅና ወይዘሮ አባይነሽ ሄደን እንድናረዳቸው የይለፍ ወረቀት ጠየቅን። ስለተደረገልን መስተንግዶ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ፦

፩. ከአገር መውጣታችን የፍልሰት፣ ወንዙን መሻገራችን የድንበር ጉዳይ ነው ተብሎ ለሁለት ንዑስ ኮሚቴዎች ስለተመራልን እናመሰግናለን። ሁለቱ ማን ቀድሞ ይፈርም በሚል ተኳርፈው መሰብሰብ መተዋቸውንም ሰምተናል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል ነበር፤ እርስዎ ሁለቱንም ሰብረው እኛን አየር ላይ አንጠልጥለውናል።

፪. ለመርዶ አርጂ ይለፍ የሚሰጠው የሟች የቅርብ ቤተሰብ በፊርማ ሲጠይቅ ብቻ መሆኑን ስላስረዱን እናመሰግናለን። የቅርብ ቤተሰቧ እናቷ ናቸው። ስለዚህ የልጃቸውን ሞት እንድንነግራቸው ፈርመው ይጠይቁልን ዘንድ፣ አስቀድመን የልጃቸውን ሞት ልንነግራቸው ይገባል። አቶ ፋሩቅ ይህን ሲሰሙ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያዙ። ሥላሴ አጥር ሥር ቁጭ ብለን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን፤ ከዚያ ወይዘሮ አባይነሽ ማልቀስ ጀመሩ፣ እኛም አላስቻለንም።

፫. በዚህ ዘመን ለዚህ ብሎ ማን አገር ያቋርጣል፣ በስልክ ንገሯቸው ብለው ለመከሩን ጸሐፊዎ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ክፉ አያሰማቸው፤ ካሰማቸውም ሰው አያሳጣቸው።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ቀልጃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልችልም። አደይ ዘውዲ በደወሉ ቁጥር እፀገነት አንዴ ሥራ ላይ ናት፣ አንዴ ተኝታለች እያለች ቆየች። እናትየውም ልጃቸው የተቀየመቻቸው መሰላቸው። ወደዚህ ስትመጣ አትሂጂ ብለው ክፉኛ ተቆጥተዋት ነበርና፣ ለዚያ ይሆናል ብለው በየስልኩ ይቅርታ መጠየቅ ያዙ። በመጨረሻም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገብተው ከልጃቸው እንዲያስታርቋቸው ለመኑ። ሽማግሌዎቹ እኛ ነን። መርዷቸውን ታቅፈን የተቀመጥነው እኛ፣ ከሟች እንድናስታርቃቸው ተላክን።

ሽምግልና አይገፋምና ሦስታችንም መቃብሯ ድረስ ሄድን። ስለ እናቷ እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ዕርቅ ይዤ አላውቅም፤ አፈርኩም፣ አዘንኩም። በሚቀጥለው ሲደውሉ እፀገነት «ታርቃለች» አለቻቸው። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ እልል ሲሉ ሰማናቸው።

መቀመጫዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን እንዲሟላ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ትዕግሥትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አባይነህ ወልደገብርኤል
የእድር ዳኛ፣ እሪ በከንቱ

ማስታወሻ፦ አደይ ዘውዲ፣ ከታረቀችኝማ ድምጿን ታሰማኝ ብለው ለመጪው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሊደውሉ ቀጥረዋል። እፀገነት ከእንግዲህ መዋሸት አልችልም ስላለች፣ የሚደውሉበትን ስልክ ቻርጅ አድርገን ለእንግዳ ተቀባይዎ አስረክበናል። ስልክ ለማንሣት ምልዓተ ጉባኤ አያስፈልግም። ሲያነሡት መጀመሪያ የሚሰሙት ቃል «ጓለይ» የሚል ነው፤ ልጄ ማለታቸው ነው።