የኦቦ ዲንሳ ካርቡራቶር

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 10 ሰዓት

ሁለቱ ካርቡራቶሮች ዛሬም አይስማሙም። ቅዳሜ አስማምቻቸው ነበር የሄድኩት። በመለኪያ፣ በትዕግሥት፣ በላብ። ዛሬ ሞተሩን ሳስነሳው ግራው ወዲያ፣ ቀኙ ወዲህ። ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳልሰጠው፣ እንደ አሮጌ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። ጋዝ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ አይጎትትም።

ማመጣጠኛው ብሎን ላይ አዲስ ጭረት አለ። የካቻቢቴ ጭረት አይደለም። የቢላ ነው። የሽንኩርት ቢላ!

ኦቦ ዲንሳን ጠየቅኳቸው። ማንም አልነካውም አሉ። እውነት ነው፣ ማንም። አንድ ሽማግሌና አንድ ቢላ ብቻ።

እኚህን ሰውዬ እስካሁን አላስተዋወቅኩህም፣ ማስታወሻዬ። ስለሚያናድዱኝ ነው። ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው። በደጉ ዘመን አንገር ጉቲን እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጨውን አውሮፕላን ያበሩ ነበር። ያኔ እኔ የሰፋሪ ልጅ፣ ከወሎ የመጡ እናትና አባቴ በቆሎ ሲኮተኩቱ አውሮፕላኑን ተከትዬ የምሮጥ። አሁን የራሳቸው አውሮፕላን አላቸው። ትንሽ፣ ባለሁለት መቀመጫ፣ ክንፉ ጨርቅ። አንድ የውጭ ሰው ከአገር ሲወጣ ሸጦላቸው ነው። ከጉቴ ወጣ ብሎ ካለች የሣር መንደርደሪያ ዳር፣ የድሮ ቡና መጋዘን ውስጥ ያቆሙታል። ለደስታ ነው የሚያበሩት። ለማን ደስታ እንደሆነ እንጃ።

እኔ ነቀምቴ ኮሌጅ ውስጥ ሞተር አስተምራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ደብረ ዘይት፣ ከአውሮፕላን ጋር ነው። በዚህ ዙሪያ የአውሮፕላን ሞተር የነካ ሌላ ሰው ስለሌለ ጫንቃዬ ላይ ወደቁ። ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ። ጀሪካኑን ክዳን ሳይገጥሙለት አሳድረውት። ፊልትሮውን ፈትቼ አጠብኩ፣ ታንኩን አፈሰስኩ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ እራቴንም ቤንዚን ቤንዚን አሰኘው።

ኦ/ዲ (ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምጽፋቸው፣ ሙሉ ስማቸውን ለመጻፍ ትዕግሥቱ የለኝም) አጠገቤ ቆመው ስለ ገና ያወራሉ። በገና ማግስት ባለቤታቸውን አዴ ወርቄን ይዘው ሊወጡ ነው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንድ ቀን አውሮፕላን ላይ አሳፍረዋት አያውቁም። የእርሻው አውሮፕላን አንድ መቀመጫ ብቻ ነበረው። ቃል ገብቻለሁ ይላሉ። ነቀምቴን ከላይ ላሳያት፣ ከዚያ እስከ አንገር ሸለቆ።

እሺ አልኩ። ታዲያ ክዳኑን ይግጠሙት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8። ጠዋት

እንደገና አስማማሁ። ሁለቱም ካርቡራቶር እኩል ይስባሉ። ሁለቱም ካንዴላ እንደ ቡና ገለፈት ቡናማ። አየህ? እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ብሎኖቹ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አደረግሁባቸው። ከተነኩ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ኦ/ዲ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ድምፁ ሞቷል፣ ኢንተላ ኮ። ድሮ ይዘምር ነበር።»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ይሉኛል። ሞተር ነው፣ መዘምራን አይደለም አልኳቸው። አልሳቁም። እኔም ለቀልድ አላልኩትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ቀለሙ ተሰንጥቋል።

ተጣላን። ትንሽ ነው የቀናሁት አሉ። ትንሽ! የካርቡራቶሩን መርፌ ሳይቀር ዝቅ አድርገውታል። ሞተሩ ነዳጅ ሲያንሰው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እሳቸው ያንን ነው ዘፈን የሚሉት። ግን ይግላል። ሲግል ፒስተኑ ያብጣል። ሲያብጥ ሲሊንደሩን ይነክሳል። አለቀ። ይህን ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የማስተምረው።

ሳትወለጂ በፊት ነው ማብረር የጀመርኩት አሉኝ። እርስዎ አበረሩ፣ ሌላ ሰው ጠገነ አልኳቸው።

ከፋቸው። መፍቻዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ከኋላዬ «ነጋቲ» አሉኝ። አኩርፈውም ደህና ሁኚ የሚሉ ሰው ናቸው፣ ይህ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 11 ሰዓት

ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

ከክፍል ስወጣ ወደ ጉቴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር፣ ብታምንም ባታምንም። ስደርስ የአውሮፕላኑን ጭራ ከባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር አስረው፣ መቀመጫው ላይ ወጥተው፣ ሞተሩን ሙሉ ጋዝ ሰጥተውታል። ድምፁ ቀጭን። እንደሚታረድ ነገር። ጥርሴ ድረስ ገባ።

ዝጉት! ብዬ ጮኽኩ። ከኋላ እየሮጥኩ ጮኽኩ። ክንፉ ሥር ደርሼ ጮኽኩ። እሳቸው ፈገግ ብለው ወደፊት ያያሉ።

ከዚያ ነከሰ። አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው ውልብልቢት ባለበት ቀጥ አለ። ጸጥታ።

ኦ/ዲ ዞረው አዩኝና ለምን አጠፋሽው አሉ። እኔ ያጠፋሁት መስሏቸው!

መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ አልኩ። በገና ማግስት ቢሆንስ? ሸለቆው ላይ፣ አዴ ወርቄ ጎናቸው ተቀምጣ?

ሌላም ነገር አለ። ያ ድምፅ። እንደዚያ ሲያቃጭል አንድ አብራሪ እንዴት ፈገግ ይላል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ሲሊንደሩን ፈታሁ። ፒስተኑ ጎኑ ተልጦ፣ አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፏል። ፋሻዎቹ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ቦታቸው ላይ ተጣብቀዋል። የሚያስለቅስ ነው።

ኦ/ዲ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ካንዴላ ይወለውላሉ። ትልቁን መፍቻ ሆን ብዬ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት። መጋዘኑ በሙሉ ጮኸ። እሳቸው ይወለውላሉ። እንደገና ጣልኩት። ይወለውላሉ።

ቀና ስል አዴ ወርቄ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አይታኛለች። በእጇ ጠቅሳ ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰደችኝ።

ታውቃለች። ዓመታት ሆኖታል። ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ጨርሰው ሲቀመጡ እሳቸው ይቀጥላሉ። ልጆቻቸውም ያውቃሉ። ጎረቤትም። ማንም አይናገርም፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑን ከቀሟቸው ምን ይቀራቸዋል?

«ታዲያ አብረሽ ልትወጪ ነበር?» አልኳት።

«ከወደቀ ብቻውን አይውደቅ ብዬ ነዋ።»

እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። ምን ልበላት? ያመጣችው ጩምቦ፣ ያ ወፍራም የጤፍ ቂጣ፣ ቅቤው እየቀለጠ ነበር፤ አልበላሁም። በንዴት የተነሳ ጩምቦ ሳልበላ የሄድኩት በሕይወቴ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 16

የሰው ጆሮ መጠገን ሥራዬ አይደለም። አይደለም። አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ነገርኳቸው።

ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ ከንፈሬን እንዲያዩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ጆሮዎ አይሰማም አልኳቸው። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ቀጭኑን ድምፅ ስለማይሰሙ ነው የሞተ የመሰለዎት፣ እሱን ፍለጋ ነው ነዳጁን ያሳነሱበት።

ፍርጥም አሉ። «አብራሪ በጆሮው አይደለም የሚሰማው። በመቀመጫው ነው።»

«ሐሙስ ዕለት መቀመጫዎ ምን አለዎት?»

የተላጠውን ፒስተን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ።

«የሰማሁ መስዬ መኖር ደክሞኛል፣ ሰዓዳ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ምን እንደተባለ አላውቅም።»

ልቆጣቸው ነበር የመጣሁት። አልቻልኩም። ይህም አናደደኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ኦ/ዲና አዴ ወርቄ ለጆሮ ምርመራ አዲስ አበባ ናቸው። ሲመለሱ ፒስተንና ፋሻ ይዘው ይመጣሉ። ትክክለኛውን ልክ በስልክ አስረዳሁ። ኦ/ዲ እሺ እሺ አሉ። ከዚያ አዴ ወርቄ ስልኩን ተቀብላ ምን ነበር ያልሽው አለችኝ። እንደገና አስረዳሁ።

መጋዘኑ ጭር ብሏል። ማንም ምንም አይነካብኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ተመለሱ። ልኩ ትክክል ነው (ለአዴ ወርቄ ምስጋና)። ፒስተን፣ ፋሻ፣ የመጋጠሚያው ጓርኒሲዮን አዲስ። ሲሊንደሩን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። ሁለቱንም ካርቡራቶር ከዜሮ ጀመርኩ። ነገ ቀስ ብዬ አስነሳለሁ። ሦስት ክፍል ፈተና ማረም አለብኝ፣ እሱ ይቆይ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

የዛሬውን ነገር በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ኦ/ዲ ሁለት ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ሰክተው መጡ። መጋዘኑ ውስጥ ሲገቡ ቀና ብለው የጣሪያውን ቆርቆሮ አዩ። ፀሐይ ሲመታው ጠሽ ጠሽ ይላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ አሉኝ። ሁልጊዜ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ሚኒሞ ላይ ውብ ነው፣ እንደ ተኛ ድመት። ጋዝ ጨመርኩ። ኦ/ዲ ደነገጡ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፣ ተመለሰ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም።

«እንዲህ ነው የሚለው? ይሄ ሁሉ ነገር ነበረበት?»

አጠፋሁት። ከዚያ ያኔ ሐሙስ ዕለት ሊነክስ ሲል ምን ይል እንደነበረ ጠየቁኝ። ምሳሌ የለኝም አልኳቸው። አለኝ፣ ግን አልተናገርኩትም።

ዓይናቸው እየበራ፣ ሳይነሱ በመሬት ብቻ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ ሊነዱት ጠየቁ። እሺ አልኩ። ባንዲራ የሚያህል ቀይ ጨርቅ ይዤ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ሳውለበልብ ይቆማሉ፣ ተስማማን።

አውለበለብኩ። ጮኽኩ። እየመጡ ነው። የሣሩ ማብቂያ ላይ እሾህ አጥር አለ። ዘልዬ ከመንገዱ ወጣሁ። አጥሩ ውስጥ አፍንጫውን ሊቀብር አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሙ። ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ጨርቁን አላዩትም። የመስሚያው መሣሪያስ? የራስ ቁሩ ሲጫነው ያፏጫል ብለው አውጥተው ኪሳቸው ከተውታል! ኪሳቸው!

የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሽማግሌ ናቸው።

ጨርሰው አዳመጡኝ። ከዚያ መሣሪያውን መልሰው ሰኩና ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ከእንግዲህ ራሴን አላምንም። አንቺ ብረር ካልሽ እበራለሁ፣ ቁም ካልሽ እቆማለሁ። ማታ ጸልይበት ይለኛል ልቤ፣ አንቺም አስቢበት።»

አየህ ሥራቸውን? ይህን ሁሉ ጊዜ ብሎን አትንኩ ስል የማይሰሙ ሰው፣ አሁን ነገሩን ሁሉ አንስተው እኔ ጭን ላይ አኖሩት።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 7

ቀኑን ሙሉ የፈተና ወረቀት ፊት ለፊቴ ዘርግቼ አንድም አላረምኩም።

ለእሺ የሚሆን ምክንያት ፈለግሁ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። አየሩ ጥሩ ነው። እጃቸው አሁንም ልዝብ ነው፣ ሲነዱ ጭራው አይወላገድም። ሌላ አብራሪ ጎናቸው ቢቀመጥስ? በዚህ አገር ከየት አምጥቼ?

አይሆንም። አዴ ወርቄን አስቤ አይደለም፣ ብቻቸውንም ቢሆን አይሆንም። ነገ ከክፍል በፊት ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ አዴ ወርቄ ባለችበት። ከዚያ ውልብልቢቱን ፈትቼ አወርዳለሁ። ይቆጣሉ። ይቆጡ። ልጄ ነሽ ማለትም ይተዉ ይሆናል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8። ከቀኑ 11 ሰዓት

ጠዋት ስደርስ ውልብልቢቱ ወርዷል።

ኦ/ዲ መጋዘኑ በር ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ውልብልቢቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ። እንደ ሕፃን። አዴ ወርቄ አጠገባቸው።

«አንቺ አውጥተሽ ከምትናገሪው ብዬ ነው» አሉኝ። «ከብዶሽ ነበር አይደል?»

ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ቃሌን ሳልጠብቅልሽ ቀረሁ፣ ነቀምቴን ከላይ ሳላሳይሽ አሏት። አዴ ወርቄ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ እንኳን ሰማይ፣ መሰላል ላይ መውጣትም አልወድም። ከጥንትም አልወድም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ሰምተኸኝ!»

ከዚያ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን። ኦ/ዲ ዛሬ የሳቁት ሰው ስለሳቀ አይደለም።

አውሮፕላኑ ይሸጣል። ደብረ ዘይት የማውቃቸው ልጆች አሉ፣ እደውላለሁ። እስከዚያ ሞተሩ እንዳይዝግ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ ኦ/ዲ ያግዙኛል። በእኔ እጅ ሥር። ይህን አስምሬበታለሁ።

ታዲያ ብሎኖቹን ስቆጥር አንዱ የለም። የት አኖሩት? እዚሁ ነበር አሉ። እዚሁ የት? ሣሩ ላይ። ውልብልቢት የሚፈታ ሰው ብሎን ሣር ላይ ይጥላል? የማይበር ነገር ብሎን ምን ያደርግልሻል አሉኝ። ቀጥሎ የሚያበረው ሰው ያስፈልገዋል፣ ጎደሎ አላስረክብም አልኳቸው። አላከራከሩኝም። ሦስታችንም በጉልበታችን ሣሩ ውስጥ ገባን፣ አዴ ወርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። የጠዋት ክፍሌ አለፈኝ። ብሎኑ አልተገኘም። ነገ ከኮሌጁ ወርክሾፕ ትልቁን ማግኔት ተውሼ እሄዳለሁ፣ ከበሩ ጀምሬ በስተ ግራ እፈልገዋለሁ።