የሚያነክሰው ጠረጴዛ

ለተከበሩ ዋርሳዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ቅዳሜ ደረጃችንን ሲወርዱ ግድግዳውን ይዘው ስለነበር አሳስቦኛል። እኛ ደህና ነን። ወንድምዎ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነው።

የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። የባለቤቴን ስልሳኛ ዓመት ልደት ሳያውቅ ልናከብርለት ስናስብ «ቅዳሜ ይምጡ» ብዬ ጻፍኩልዎ። እርስዎ ግን በሳምንት ቀድመው ከተፍ አሉ። ቀኑን ሳልጠቅስ ቀርቼ ይሆናል ብዬ ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩ።

ከስድስት ዓመት በፊት ወንድምዎ፣ እርስዎ በሠሩልን ጠረጴዛ፣ በእንግዳ ፊት «የጋሼ ጠረጴዛ ያነክሳል» ብሎ ቢቀልድ ተነሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ያው ጠረጴዛ እግሩን ሰቅሎ ተገልብጧል፤ ሁለት ሽበታሞች መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ትነታረካላችሁ። እሱ «ጋሼ፣ በቃ፣ አበዛኸው» ይላል። እርስዎ «አንተ ጫማህን ስፋ፣ እንጨቱን ለእኔ ተው» ይሉታል።

ከሄዱ በኋላ ወንድምዎ ጠረጴዛው እግር ሥር ይወትፈው የነበረውን የታጠፈ ካርቶን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። «ማንም ሳይጠራው መጣ እኮ» አለኝ። ሱቁ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ስለዚህ አደራዎን፣ ደብዳቤዬን አያንሱበት።

አሁን በግልጽ ልጻፍ። ግብዣው የፊታችን ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በሃያ አራት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሱን ጎረቤታችን ዘጠኝ ተኩል ላይ ያመጣዋል። በጓሮ በር ይግቡ፤ የፊተኛው ሲከፈት ይጮኻል።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ። የቢሮ ጸሐፊ ነኝና የምጽፈውን ሁሉ ግልባጩን አስቀራለሁ። የፊተኛውን ደብዳቤ ፈልጌ አገኘሁት። «ሃያ አራት» ይላል፤ አስምሬበታለሁም። ደግሞስ ለግብዣ የሚመጣ ሰው መላጊያ ይዞ ይመጣል?

ይቅርታዬን መልሼ ወስጃለሁ። እኔ አልጠይቅዎትም፤ እርስዎም አይመልሱልኝ። ለቅዳሜው ግን መላጊያዎን ቤት ትተው ይምጡ። ጠረጴዛው ቆሟል፤ ትናንት ወንድምዎ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጦበት በጣቱ ሲገፋው ነበር። ጠብ አላለም።

ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ እጅዎ አይዛል።

የወንድምዎ ሚስት