የጋቢናው ባዶ ወንበር

ለውድ እህቴ ለልዩ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅሽ ሳል ተወሽ? ናኦሚስ አድጋ ይሆን፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቅሎላታል? በርገንስ ዝናቡ አሁንም አላባራም? ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ከመስኮትሽ ውጭ ያለው ሁሉ ግራጫ ነበር፤ እማዬ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ብዙ ካየችው በኋላ ልጄ ደመና ውስጥ ነው የምትኖረው አለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፣ የሁሉቃ ወንዝ ውሃ ጠርቷል፣ ተማሪዎቼም እንደ ድሮው ኬሚስትሪን እንደጠሉ ናቸው። ደህና ነን ስልሽ ግን አንድ ነገር አስቀርቼ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ የተቀመጥኩትም ያንኑ ልነግርሽ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ በደወልሽ ቁጥር እማዬ ከጎኔ ስለምትቀመጥ ነው። ድምፅሽን ለብቻዬ ስሰማ ካየችኝ ደግሞ ታኮርፋለች። በቴሌግራም ብጽፍልሽ በሥራ መሃል በችኮላ አንብበሽ «እሺ እደውላለሁ» ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። እድል ቀንቶኝ የባዮሎጂ መምህራችን ፍጹም ለትምህርት ወደ ኦስሎ ሊመጣ ነው፤ ከዚያ በፖስታ ይልክልሻል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያ የሚያዝያው መልእክትሽ ትዝ ይልሻል? የላክሽልን ትንሿ መኪና ሻንሲ ቁጥሯ ፋብሪካው ለጥገና መልሱልኝ ካላቸው መኪኖች ዝርዝር ውስጥ ተገኘ፣ ጋቢና ለሚቀመጠው ሰው የተሠራው፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ኤርባግ ሲያረጅ ብረቱን ፈንጥቆ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ እስኪቀየር ድረስ ጋቢና ማንም እንዳይቀመጥ አልሽ። «ማንም» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። በልጅነታችን ወደ ወንዝ እንዳልወርድ ስትከለክይኝ የምትናገሪበትን ድምፅሽን ሰማሁት፤ እንደዚያን ጊዜውም እሺ አልኩሽ።

ልዩዬ፣ አንቺ ካለሽበት ሆነሽ ስታዪው ይህ ቀላል ነገር ነው። እዚህ ግን ጋቢና የማን እንደሆነ አልረሳሽውም። እናት እያለች ጋቢና ሌላ ሰው አይቀመጥም፤ እናትን ከኋላ አስቀምጦ ጋቢናውን ባዶ አድርጎ በአምቦ ዋና መንገድ መሄድማ ጭራሽ ታይቶ አይታወቅም። እማዬ ደግሞ ያንን ወንበር እንዴት እንደምትወደው! በዳሽቦርዱ ላይ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ዘርግታበት ነበር፤ ለካ ልክ በዚያ በምትፈሪው ኤርባግ ክዳን ላይ ኖሯል። በስልክ ያሰማሁሽ፣ መኪናዋ ስትነሳ በጃፓንኛ የምትናገረው ሴትዮ ትዝ ትልሻለች? እማዬ አንድም ቀን ሳትመልስላት ቀርታ አታውቅም፤ አሜን ትላታለች። አንድ ቀን ልዩም አሁን ከፈረንጆቹ ጋር ስታወራ እንዲህ ነው ድምፅዋ ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ አይደለም አልኳት እንጂ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እንግዲህ ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። እውነቱን ብነግራት ትፈራለች፣ መኪናዋን ጭራሽ እርግፍ አድርጋ ትተዋለች ብዬ ሰጋሁ። ዳንቴሉን ላጥበው ብዬ አነሳሁት። የጋቢናው ቀበቶ ተበላሽቷል፣ ያለ ቀበቶ ደግሞ የጉደር ትራፊክ አያሳልፈንም፣ እስኪሠራ ከኋላ ተቀመጪ አልኳት። እሺ ጉርባ ኮ፣ እሺ ልጄ ብላ የኋላውን በር ራሷ ከፍታ ገባች። አለመቆጣቷ ገረመኝ፤ ደስም አለኝ፣ ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ ተመልከቺ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አክስታችን ወደ መቲ ጉደር ስንሄድ፣ እሁድም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ እኔ ከፊት እማዬ ከኋላ፣ በመካከላችን ያ ባዶ ወንበር ሆነ። መንገድ ላይ የሚያዩኝ ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። ኦቦ ቶሌራ ታክሲ ሥራ ጀመረ እንዴ፣ ተሳፋሪውስ እናቱ ብቻ ናት እንዴ እያሉ ይቀልዱብኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ እጄን አውለብልቤላቸው አልፋለሁ።

እንዲጠገን ያልሞከርኩ እንዳይመስልሽ። በላክሽልኝ የኢንተርኔት አድራሻ ገብቼ የመኪኖቹን ባለቤቶች አቤቱታ ሁሉ አነበብኩ። ከትምህርት በኋላ ከሁሉቃ ድልድይ በታች ካለው ሾላ ሥር ተቀምጬ ነው የማነበው። ስንት ዓይነት ሰው አለ መሰለሽ! አንዲት ሴት ዝናብ ሲበረታ የመስታወት መጥረጊያው ይቆማል፣ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው ደግሞ በዝናብ ነው ትላለች። አንድ ሽማግሌ የኋላው በር በራሱ ይከፈታል፣ ውሻዬ ወድቆ ነበር ይላል። ሌላው ስለ ምንም ብልሽት አይናገርም፤ ሚስቴ ይህችን መኪና ትወዳት ነበር፣ እሷ ካረፈች ወዲህ ሞተሩ ድምፅ ያሰማል ብሎ ብቻ ጽፏል። የማላውቀውን አገር ሰው ሁሉ ጎረቤቴ እያደረግኩ ቁጭ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሁሉም በየትንንሽ መኪናቸው ሆነው በሰንቀሌ በኩል ተሰልፈው ወደ አምቦ ሲገቡ ይታየኛል። ሃዊ ባለቤቴ ስልክ ላይ አፍጥጠህ በቁምህ ታልማለህ ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

እኔም አቤቱታዬን ጻፍኩ። ቅጹ አገርህን ምረጥ ይላል፤ ኢትዮጵያ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስሟ ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ አጠገብ ያገኘሁትን ሌላ አገር መርጬ፣ ከታች በማብራሪያው ላይ አምቦ ነው ያለሁት ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአቅራቢያህ ወዳለው ወኪላችን ሂድ የሚል መልስ መጣልኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ወኪሉን ጠየቅኩ። እዚያ ያለችው ልጅ በትሕትና አናገረችኝ፤ መኪናዋን እኛ አላስገባናትም፣ በግለሰብ በዱባይ በኩል የገባች ናት፣ መሪዋም ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው፣ እንዲህ ያለውን አንነካም አለችኝ። እዚህ የጉደር መውጫ ላይ ጋራዥ ያለው ጅሩም መጀመሪያ ሲሰማ ኦቦ ቶሌራ፣ እኔ ሞተር እንጂ ፈንጂ አልፈታም ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

በዚህ መሃል ነው ያንን ያስቀረሁብሽን ነገር ያወቅኩት። ሰኔ ላይ እማዬ የደጃፋችንን ደረጃ ስታ ወደቀች። አልተጎዳችም፤ ግን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው አሉ፤ ግላኮማ። ጎን ጎኑን እየበላ ቆይቷል፤ የቀራት ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነው፣ በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው። የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው አለኝ ሐኪሙ። ለስንት ጊዜ ብዬ ጠየቅኩት። ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል አለ። እማዬ ለልዩ እንዳትነግራት ብላ በእግዚአብሔር ስም አማለችኝ። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እዚህ ላይ የባሰብኝን ነገር ልንገርሽ። ፊት ለፊት ብቻ የሚያይ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ምን ያያል? በጎን መስኮት የሚያልፈውን ዛፍ አታየውም። መንገዱን አታየውም። ስድስት ወር ሙሉ እናታችን የቀራትን ብርሃን ይዛ የአንድ ባዶ ወንበር ጀርባ ስታይ ከረመች። ይህ የገባኝ ቀን መኪናዋን ዳር አቁሜ አለቀስኩ።

በነጋታው ጅሩ ዘንድ ሄጄ እማዬ እየታወረች ነው አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ባትሪውን ፈታ፣ ቆይተን ደግሞ ዳሽቦርዱን ቀስ እያለ ከፈተው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጸሎት ላይ ነበርኩ። ክዳኑን አንስቶ እጁን ሰደደና ሳቅ ጀመረ። ምንም የለም፣ ልዩ። ኤርባግ የሚባል ነገር አልነበረም። መሪውን ያዛወሩት ሰዎች ያኔውኑ አውጥተውት በቦታው የታጠፈ የዓረብኛ ጋዜጣ ሞልተውበታል። የኔም መሪ ውስጡ እንዲሁ ባዶ ነው። ስድስት ወር እናታችንን ከወንበሯ ያስነሳነው ለአሮጌ ጋዜጣ ነው። ሳቁ ወደኔም ተጋባብኝ፤ ከዚያ ግን አንዳችን የአንዳችንን ፊት ማየት አቃተን።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ዳንቴሉን መልሼ ዘረጋሁና የጋቢናውን በር ከፈትኩላት። እጃጂ እወስድሻለሁ፣ የተወለድሽበትን መንደር ታያለሽ፣ ወንበርሽም ተሠርቷል አልኳት። እማዬ ግን አልገባችም። በሩን በእጇ ዳበሰችና ልዩ ቀረች እንዴ አለችኝ።

አልገባኝም። ደግማ ጠየቀችኝ። ለካ ያን የቀበቶ ወሬዬን አንድም ቀን አላመነችውም። ጅሩን ጠይቃው ቀበቶው ደህና እንደሆነ ነግሯታል። ታዲያ ለምን ከኋላ አስቀመጠኝ ብላ ስታስብ፣ ልዩ ልትመጣ ስለሆነ ነው፣ ድንገት ሊያስደስቱኝ ወንበሯን ይዘውላታል ብላ በልቧ ደመደመች። ስለዚህ ነው ያልተቆጣችው። ስለዚህ ነው ስድስት ወር ያንን ወንበር እያየች ፈገግ ስትል የነበረው። እኔ ደግሞ ፈገግታዋን የእርጅና ነገር ነው እል ነበር። እውነቱን ከጋዜጣው ጀምሮ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጋቢና ገባች።

መንገዱ ግን ሕልም ነበር። ጉደርን ካለፍን በኋላ ኑጉ በሁለቱም በኩል አብቧል፤ ቢጫ ነው አይደል አለች። ቢጫ ነው አልኳት። ጌዶ ላይ ጉም ወረደብን፤ በመብራት ቀስ እያልን ስንሄድ ይህም ልዩ ካለችበት የመጣ ደመና ነው አለች። ጉሙ ሲገለጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አንገቷን ሳታዞር ወደ ፊት ብቻ ታይ ነበር። እጃጂ ስንደርስ አጎታችን ኦቦ ሌንጂሳ ከጎረቤቶቹ ጋር ደጅ ወጥቶ ጠበቀን። እማዬን ሳይስማት መጀመሪያ አጎንብሶ የኋላውን ወንበር ተመለከተ። ልዩን ኤሳ ጅርቲ፣ ልዩ የት አለች አለኝ። ልዩ ትመጣለች ብላ ለሱም ነግራው ኖሯል። ለአክስት መቲም፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ሰው ሁሉ። እማዬ ቀድማኝ መለሰችለት፤ ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ናት አለችው።

ልንመለስ ስንል የጋቢናውን በር ከፍቼ ጠበቅኳት። በአጠገቤ አልፋ የኋላውን በር እየዳበሰች ፈለገችና ከፍታ ገባች። እማዬ፣ ወንበሩ እኮ ምንም የለበትም አልኳት። መንገዱን አየሁት አይደል፣ የቀረችዋን ዓይኔን ለልዩ ላስቀምጣት አለችኝ። የጋቢናውን በር ዘግቼ ወደ አምቦ ነዳሁ።

ልዩዬ፣ በአንቺ አልፈርድም። ያዘዝሽው ከፍቅር ነው፤ ጥፋቱ የኔ ውሸት ነው። ሥራሽን አውቃለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ቀላል እንዳልነበረም አውቃለሁ። ነገር ግን የመኖሪያ ወረቀትሽ ከተስተካከለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ በየዓመቱም «ለሚመጣው» ትያለሽ። ለሚመጣው ዓመት የእማዬ ዓይን መድረሱን አላውቅም። ነይ። ናኦሚን ይዘሽ ነይ። እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ጋቢና ትቀመጫለሽ፣ ፊትሽን ወደ ኋላ አዙረሽ እሷን እያየሽ ትሄጃለሽ።

ሃዊ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ የናኦሚን ጫማ ቁጥር ላኪልኝ ብላለች። አክስት መቲ ከጉደር ሰላም ትልሻለች፤ ስትመጪ የምትተኚበትን ክፍል ቀለም እንደቀባች ንገርልኝ አለችኝ። ኦቦ ሌንጂሳም ከነቤተሰቡ ነጋ ጅርታ፣ ደህና ነሽ ወይ ይልሻል። ጅሩ መኪናዋ ደህና ናት፣ ኤርባግ ግን ስለሌላት ቶሌራ ቀስ ብሎ ይንዳ ይላል። ለናኦሚ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

ከእማዬ ሰላምታ አልላክሁልሽም፤ መጻፌን አታውቅም። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጣ በጣቶቿ እየዳበሰች አዲስ ዳንቴል ትሠራለች። ለምኑ ነው ብላት፣ ለጋቢናው ራስ መደገፊያ ነው፣ ልጄ ከሩቅ መንገድ ስትመጣ ራሷን የምታሳርፍበት አለችኝ።

ወንድምሽ ቶሌራ
አምቦ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.