ጋቢ የለበሰው ካርቶን

ጥቅምት 6፣ 2001

እንቁላሉ ከማንኩሳ እዚህ ፍኖተ ሰላም መጣ። ጭድ ውስጥ፣ ወፍራም ጫፉ ወደ ላይ፣ እንዳልኳቸው። ጥቂት ብቻ ተሰብሯል። መንገዱ አንገጫግጮታል፣ ዛሬ ይረፍ። ነገ ማስፈልፈያው ውስጥ ይገባል።

ወንድሜ አለበል በር ላይ ቆሞ "ይህ ክፍል መቼ ነው የሚለቀቅ?" አለኝ። ግሮሰሪ ሊከፍትበት ነው። የፈረስ ቤት ከተማ ሴቶች ማኅበር ጫጩቱን ከወደደው በየወሩ ከእኔ ይወስዳል፣ ያኔ ኪራይ እከፍልሃለሁ አልኩት። ሳቀ። "ጫጩት በፖስታ፣ እንቁ!" በፖስታ ማን አለ? በአውቶብስ ነው።

ጥቅምት 17

መብራት ጠፋ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በጀሪካን ፍል ውኃ አስጠግቼ... አለበል ጄኔሬተር አለው። አልለምነውም።

ጥቅምት 28

ፈለፈሉ! ክፍሉ በጩኸት ሞላ።

ፈረስ ቤት ለእህቴ ለሰብለ ደወልኩ። ማኅበሩን ያሳመነችልኝ እሷ ናት። "በርሃብ አልቀው እንዳታዋርጂኝ" አለች። ጫጩት አስኳሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ቀን ሳይበላ ይቆያል፣ የሚገድለው መታፈን ነው አልኳት። ካርቶኑን ዙሪያውን በሚስማር በሳሳሁት።

ጥቅምት 29

የአውቶብሱ ረዳት "ዕቃ ከጣራ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ወይ ፍንክች። ደግነቱ ቄስ ክንፈሚካኤል፣ የሰብለ የነፍስ አባት፣ ወደ ፈረስ ቤት ሲመለሱ አገኘኋቸው።

"አምጪው ልጄ፣ ከጭኔ ላይ አደርገዋለሁ።"

"አባ፣ ቀዳዳውን እንዳይዘጉብኝ አደራ።"

"እሺ፣ እሺ።"

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወረድኩ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አሁን ሰብለ ደወለች። "አልቀዋል" አለች።

ጥቅምት 30

ሰብለ ዛሬ እንደነገረችኝ ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ዳገቱ ላይ ብርዱ ሲበረታ ቄሱ አዘኑላቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ካርቶኑን ጠቀለሉት። ደህና አድርገው። እሳቸው በኮት ብቻ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። "ምስኪኖች፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ" ብለው አስረከቧት። ሲፈታ አንድም የሚጮህ የለም።

ላዘነ ሰው ምን ይባላል? እንዴት ይረገማል?... እኔ ግን ረገምኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 3

ማኅበሩ ተሰብስቦ "የእንቁ ጫጩት ከቤቷም በሽተኛ ነበር" ብሎ ቆረጠ። ከሌላ ሊወስዱ ነው። ሰብለ እዚያው ተቀምጣለች። ጋቢውን በእጇ የፈታች!

"ምን አልሽላቸው?" አልኳት በስልክ።

"ምን ልበል? የነፍስ አባቴ ገደሏቸው ልበል? አገሩ ምን ይለኛል?"

"እኔንስ ምን ይለኛል?"

"አንቺማ ፍኖተ ሰላም ነሽ፣ አትሰሚው።"

ዘጋሁባት። ቄሱ ቢዋሹ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የገዛ እህቴ ዝም አለች። ይኸ ነው ያቃጠለኝ።

ኅዳር 9

አለበል ሜትር ይዞ መጣ፣ ግድግዳውን ለካ። እኔ ቆሜ እያየሁ።

ኅዳር 18

ለቀቅኩለት። ጎረቤቴ እማማ ማርያማዊት "ማድ ቤቴ ባዶውን ነው የሚያድር፣ ነይ ግቢ" አሉኝ። ማሽኑን በጋሪ አጋዝኩ። ጾም ስለገባ እንቁላል ረክሷል። እንደገና ልሞክር? ለማን?

ታኅሣሥ 14

እንደገና ፈለፈልኩ፣ ለቡሬ ሴቶች። በሰው እጅ አልላክሁም፣ ካርቶኑን ራሴ ታቅፌ በአውቶብስ ሄድኩ። መስኮቱን ከፈትኩ።

"ልጄ፣ ዝጊው እንጂ፣ ነፋሱ ጨረሰን" አሉ ከኋላዬ አንድ አባት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ አልዘጋም።"

አውቶብሱ ሙሉ ተነሳብኝ። "ባለጌ! አሳዳጊ የበደላት!" አንዱ እጁን ሰዶ ሊዘጋ ሲል መታሁት። እኔ! ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሬ የምነሳው... ከዚያ ወዲያ ማንም አላናገረኝም። ቡሬ ካርቶኑ ሲከፈት ሲንጫጩ፣ መናኸሪያው መሃል አለቀስኩ።

ጥር 24

ሰብለ ደወለች። ከዘጋሁባት ቀን ወዲህ ገና አሁን። የማኅበሩ አዲሶቹ ጫጩቶች እያለቁ ነው አሉ። ያንቺው ይሻል ነበር አለች። ይሻል ነበር!

"ማኅበሩ እንዲህ ይላል?"

"ኧረ እነሱስ... ለእኔ ብቻ ላኪልኝ እስቲ። ሴቶቹ እንዳይሰሙ።"

ዋጋውን ነገርኳት። ቀብድ ቀድሞ ይላካል አልኩ።

"ለእኔም?"

"ለማንም።"

እሺ አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። ስልኩን ዘግቼ ደግሜ አነሳሁት። መልሼ ግን አልደወልኩላትም።