ጎማ የተለጠፈበት ስፒከር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ዛሬ እዚህ ቤት ከባድ ወንጀል ተፈጸመ። የሪሞቱ ባትሪ ተሰረቀ። ሌባዋ ትታወቃለች፤ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሰምሀል ናት። ለግድግዳ ሰዓቷ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ተነስተህ ብትነካካው ምን ትሆናለህ?"

ምን እሆናለሁ? ሃምሳ ስምንት ዓመት ያጠራቀምኩት ቦርጭ ይጎድልብኛላ!

ለማንኛውም ተነሳሁ። ኳሱ ሊጀመር ስለነበር ድምፅ ጨመርኩ። ከቀኙ ስፒከር ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ትርርርር... ተንታኙ ጠጠር ጎርሶ የሚያወራ መሰለ። ስቀንሰው ደህና። ስጨምረው ትርርርር።

ይሄን ሆም ቴአትር የገጠመልኝ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ቶለሳ ነው። ቴፕና ስፒከር ጠጋኝ። ሃያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሶፋ ላይ አብረን ኳስ አይተናል። ድሮ ቢሆን በአጥሩ "ቶሌ፣ ና እስቲ!" ማለት ብቻ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ግን ሰላም አይለኝም። በአንዲት ቀልድ!

ራሴ እሠራዋለሁ። አዲሱ ገበያ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ጎሚስታ ሆኜ፣ የስንቱን አይሱዙ ጎማ አድኜ፣ አንዲት ሳጥን ታቅተኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። የሚያስተምረው ሰው ቋንቋው ባይገባኝም እጁ ይገባል። ዘዴው ቀላል ነው። የቀኙን ስፒከር ግራው በተሰካበት መሰካት፣ የግራውን ቀኙ በተሰካበት። መንጣጣቱ ስፒከሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው። ካልሄደ የማሽኑ ነው።

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቴሌቪዥኑን ጎተትኩ፣ አቧራ በላሁ፣ ጀርባዬን ያዘኝ። በመጨረሻ ሰምሀል መጥታ አየችው።

"ጋሼ፣ ገመዱን መች ነቀልከው? ስፒከሮቹን እኮ ከነገመዳቸው ቦታ ነው ያቀያየርካቸው።"

እውነቷን ነው። የቤት ዕቃ ሳዟዙር ነው የዋልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሱቅ ኮምፕረሰሩም ትርርርር ያለ መሰለኝ። ደንበኛ ሲያወራም ትንሽ... ስፒከሩ ባይሆንስ? ጆሮዬ ቢሆንስ? እጄን ጆሮዬ ላይ ጭኜ ጎማው መሃል ቆምኩ። ኮምፕረሰሩ ገና ከተገዛ ጀምሮ እንደዚያ እንደሚል ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ግን እጄ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ሌላ ነገር መጣብኝ። የቶለሳ እጅ።

እዚህ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ሐምሌ ላይ የዕድር ስብሰባ ነበር። ቶለሳ ዘገየ። እኔ ለተሰበሰበው ሁሉ ሹክ አልኩ፤ "ሲገባ ከንፈራችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ድምፅ እንዳታወጡ።" ገባ። "እንደምን ዋላችሁ?" አለ። አሥራ አምስት ሰው አፉን ከፍቶ ይዘጋል። ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ። ቶለሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። ፊቱ አመድ መሰለ። ያኔ እኔ ሳቄን ለቀቅኩት፣ ሌላውም ተከተለኝ። እሱ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ሰው በዚህ ሦስት ወር ያኮርፋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሰምሀልን ጠራኋት። "ሰሙ፣ ነይ እስቲ ስሚልኝ።"

"ይንጣጣል" አለች።

"ተመስገን!"

"ስፒከሩ ተበላሽቶ ተመስገን?"

ስለ ጆሮዬ ነገርኳት፤ ኮምፕረሰሩን ጨምሬ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ጎኔ ቁጭ አለችና፣

"ጋሽ ቶለሳ እኮ ከሰኔ ጀምሮ የጆሮ መድኃኒት ከእኛ ጋ ነው የሚወስዱት" አለች።

"ምን?"

"ግራው ከሄደ ቆይቷል። ቀኙም እየደከመ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ለአንተም አልነገርኩህም።"

"እሺ፣ አልሰማሁም።"

ከሰኔ ጀምሮ... እኔ የቀለድኩት ሐምሌ። በድምፅ የሚኖር ሰው ነው። ያን ቀን እዚያ በር ላይ ቆሞ ምን እንዳሰበ ገባኝ። ቀኑ ደረሰ፣ በቃ፣ ሁሉም ሄደ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

እራት አልበላሁም። ውሸት ነው፤ በላሁ። ግን አልጣፈጠኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ስፒከሩን ከፈትኩት። ቶለሳ ጋ መሄጃ መንገድ የሌለኝ ሰው ሌላ ምን አደርጋለሁ? ድምፅ የሚያወጣው ክብ ወረቀት ጠርዙ ላይ የጥፍር ያህል ተቀዷል። አገኘሁህ! ጠጋ ብዬ ላየው ስል ካቻቪቴው አዳለጠኝ፤ የጥፍር ያህል የነበረው አውራ ጣት አከለ።

እንግዲህ ቀዳዳ ሲያይ ጎሚስታ ምን ያደርጋል? ከድሮ የውስጥ ጎማ ቆረጥኩ፣ በሞረድ ፋቅኩ፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ እስኪይዝ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ሥራው ያምራል። አይሱዙ ቢሆን ሞያሌ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ከፈትኩት። ዜና አንባቢዋ በርሜል ውስጥ የገባች ዶሮ ሆነች። ሰምሀል ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

"ጋሼ... አየርስ... አልነፋህበትም?"

ዕንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ "ለጋሽ ቶለሳ ልውሰደው" አለች። አይሆንም አልኩ። "የአንተ ነው አልላቸውም።" እንዲያ ከሆነ... የጓደኛዬ ነው በዪ አልኳት። ይሄን ያህል ጀግና ነኝ እንግዲህ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቶለሳ ከፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የለየን። አሁን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አፌን ስከፍት ምን ወጣ?

"ቶሌ፣ ይሄን ኮፍያ ከየትኛው ሬሳ ላይ አነሳኸው?"

ሰልፈኛው ሳቀ። ቶለሳ አልዞረም። በግራው በኩል ነበርኩ። ወይ አልሰማኝም፣ ወይ ሰምቶኛል። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

ይሄ አፍ ነው መጠገን ያለበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ስፒከሩ ተመለሰ። ሰምሀል ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብላ ጠብቃ ነበር። የሆነውን ሁሉ አስደገምኳት።

ቶለሳ ክዳኑን ፈታ። የለጠፍኩትን ጎማ አየ። ከዚያ "ጓደኛሽ ጎሚስታ ናት?" አላት።

"ምን አልሽው?"

"ምን ልበል? አዎ አልኳቸው።"

ጎማውን ቀስ አድርጎ ላጠው፣ ወረቀቱን ቀየረ። ሲሞክረው ጆሮውን አላስጠጋም አለች። ሙዚቃ ከፍቶ ሁለት ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንዲያ እንደሆነ ቆየ። "አሁን እንዲህ ይሻለኛል" አላት።

በጣቱ ያዳምጣል። በእነዚያ ትልልቅ ጣቶች።

የላጠውን ጎማ በፖስታ አድርጎ ልኮልኛል። በላዩ "ለባለቤቱ ይመለስ" ይላል። ተሳደበ ነው? ወይስ ቀለደ? እንደ ቶለሳ ቀልድ ይሸታል፤ ግን በሦስት ወር ውስጥ አፍንጫዬንም ማመን ትቻለሁ። እዚሁ ገጽ መሃል አስቀምጬዋለሁ። ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል።

ስፒከሩን ሰካሁት። ጥርት ያለ ነው። ዜና ሰማሁ፣ የአየር ሁኔታ ሰማሁ፣ ስለ ንብ እርባታ ሙሉ ፕሮግራም ሰማሁ። ስለ ንብ ግድ የለኝም። መዝጋት ነው ያቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ስምንት ቀን ሙሉ በአጥሩ በኩል አልፋለሁ፣ አገድማለሁ። "በቃ ግባና ይቅርታ በላቸው" ትላለች ሰምሀል። ቀላል ነገር ነው የምትለው። ፊቱን ሳይ አፌ በራሱ ቀልድ ይፈልጋል፤ ሌላ ሥራ አልተማረማ።

ልለማመድ? ሰው በሌለበት? ስንት ሥራ ቁጭ ብዬ በራሴ ተምሬ የለም እንዴ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ማርያም ናትና ሱቅ አልከፈትኩም። ሰምሀል ሥራ ገባች። የቶለሳ ሚስት ብርነሽ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቁስቋም ስትወጣ በአጥሩ አየኋት። በየወሩ አብረው ነው የሚሄዱት፤ እሱ ቀድሟት ወጥቶ ይሆናል አልኩ። ቤታቸው ጭር ብሏል።

ሆም ቴአትሩ ማይክ ይሰካበታል። ለሰምሀል ምርቃት ተጠቅመንበት ነበር። ሰካሁትና ሶፋው ፊት ቆምኩ። ቶለሳ ይቀመጥበት የነበረውን ጎን ቶለሳ አደረግኩት።

"አንድ... ሁለት... ቶሌ፣ ኮፍያህ..." ኧረ አይደለም። እንደገና። "ቶለሳ፣ ባለፈው ጊዜ፣ እ... ማለቴ..." እንደገና።

ሦስተኛው ላይ ወጣ።

"ቶለሳ፣ ሐምሌ ላይ ያደረግኩት ቀልድ አልነበረም። ስትደነግጥ አየሁህ፤ እያየሁህ ሳቅኩ። እሱ ነው ጥፋቴ። ይቅር በለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ኳስ ማየት አቃተኝ፤ የምሰድበው ሰው የለኝም።"

ስለ ጆሮው ቃል አልተነፈስኩም። ሰምሀል ምላለች።

የገዛ ድምፄ ከቀኙም ከግራውም ተመለሰልኝ። ምንም አይንጣጣም። ትንሽ የተንቀጠቀጠ ነገር ነበር፤ እሱ ከስፒከሩ አይደለም።

ወዲያው ከመንገዱ ማዶ የባለሱቋ የደሳለች ድምፅ መጣ።

"አሜን! አሜን! ይቅር ይበልህ፣ ዓምሃ!"

ዞር አልኩ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ድምፁ ለንብ እርባታው ከፍ እንዳደረግኩት ነው። አንዱ ስፒከር ቦታ ካቀያየርኳቸው ጀምሮ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። የጉለሌ ሰው በሙሉ ይቅርታዬን ሰምቷል ማለት ነው። ከሚመለከተው በስተቀር።

ማይኩን ሶፋው ሥር ወረወርኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። መጋረጃውንም። አልጋ ውስጥ ልገባ ነበር።

የውጭ በር ተንኳኳ። ደሳለች ናት፣ ልትስቅብኝ ነው፣ ይገባኛል እያልኩ ሄጄ ከፈትኩ።

ቶለሳ ነው። ቁስቋም አልሄደም፤ ቤቱ ነበር። ያ ኮፍያ አናቱ ላይ፣ ካቻቪቴው ደረት ኪሱ ውስጥ። ዓይኑ ቀልቷል። አየኝና አፉን ከፈተ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ረጅም ነገር ነው የሚናገረው፤ እጁን ያወናጭፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ቅንድቡን ያነሳል።

ምንም አይሰማም። አንዲት ቃል እንኳ።

እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ።