እማዬ በሎንቺናው ውስጥ ድምፅሽን የሰማች ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም አሰፋሽ፣ አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የባሕር ወበቅ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ብርሃኔስ ደህና ነው ወይ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ተሽሏታል፤ ጆሮዋ ግን ደከም ብሏል።

በሙላት እጅ የላክሽው ትልቁ እስፒከርና ድምፅሽን የቀዳሽበት ካሴት በደህና ደርሰውኛል። እስፒከሩን በሣጥን አድርጌ ከምነዳው ሎንቺና የኋላ ወንበር ሥር አሰርኩት። ወልድያ ያለው ሬዲዮ ሠሪ ግርማ ሲገጥምልኝ፣ ከጀርባው በትልቁ የተጻፈውን ኃይል የሚችለው ለአፍታ ብቻ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው በትንሹ የተጻፈውን እንደሆነ አስረዳኝ። ድምፁን ቀስ እያልኩ ከፍ አድርጌ፣ መሰንጠቅ ሲጀምር መለስ እንዳደርገው፣ ከዚያ ካለፍኩ ግን ውስጡ ያለው ሽቦ እንደሚቃጠል ነገረኝ። የድምፁ ማዞሪያ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግንበት።

እታለም፣ በልጅነታችን መርሳ መንገድ ዳር ቆመን የሚያልፈውን መኪና ዘፈን የምንሰማው ትዝ ይልሻል? መኪናው ሲርቅ የቀረውን አንቺ ትጨርሽልኝ ነበር። አሁን እኔ ዘፈን ከፍቼ በዚያ ሳልፍ ዓይኔ አንቺን ይፈልጋል፤ የማየው ግን ብርቱካን ሻጮቹን ነው።

በጥምቀት ሰሞን እማዬን ከወልድያ ወደ መርሳ ሳመጣት ካሴትሽን ከፈትኩላት። አልሰማችም። ተሳፋሪው ጨምርላት፣ ጨምርላት ሲለኝ እጄ ከምልክቱ አለፈ። ድምፅሽ ተሰነጣጠቀ፤ ከኋላ የተቀመጡትም የሚቃጠል ነገር ሸተተን አሉ። ደንግጬ አጠፋሁት። እማዬ ሳትሰማሽ ልትቀር ነው አልኩ በልቤ።

ሲሪንቃን አለፍ ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ተሳፋሪው ዝም እንዲልልኝ ለመንኩ። እማዬን ከሣጥኑ አጠገብ አስቀመጥናትና ከምልክቱ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ደግነቱ አልተቃጠለም።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» አልሽ።

እጇን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ «ደህና ነኝ ልጄ» አለች።

ስለ ጉልበቷ ጠየቅሻት፤ መለሰችልሽ። መቼ እንደምትመጪ ስትጠይቅሽ ግን አንቺ ስለ ልጅሽ ስለ ፀሐይ ትምህርት ማውራትሽን ቀጠልሽ። ቀና ብላ አየችኝና «አልሰማችኝም መሰለኝ» አለች። ከተሳፋሪው አንድም የሳቀ አልነበረም።

ብርሃኔን ሰላም በይልኝ፤ ፀሐይን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ባለቤቴ አልታየች በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሻለች። እማዬ ደግሞ ምናልባት ካልሰማች ብላ ሁለት ጊዜ ሰላም በልልኝ ብላኛለች። ጥያቄዋንም አደራ ብላኛለችና እነሆ፦ መቼ ነው የምትመጪው?

ወንድምሽ ዳምጠው
መርሳ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.